ስም በግድግዳ፣ ሰማይ በጉልላት፦ የሳይንስ ሙዚየም ስፖንሰርነት ሲመዘን

ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የብሔራዊ አየርና ጠፈር ሙዚየም ዋና አዳራሽ የቦይንግን ስም ይዟል። ኩባንያው በ2014 30 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ነው ስሙን ያጻፈው። አይማክስ ቴአትሩ ሎክሂድ ማርቲን ይባላል፤ የፕላኔቶቹ ጋለሪ የባለሀብቱ የኬኔት ግሪፊን ስም አለበት። ፕላኔታሪየሙ፣ ማለትም ከዋክብትን በጉልላት ላይ የሚያሳየው አዳራሽ፣ ደግሞ አልበርት አይንስታይን ነው የሚባለው፤ እሱ ግን ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። የዛይስ ፋብሪካ ሥራ የሆነውን የከዋክብት ማሳያ ማሽን በ1976፣ አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር፣ በስጦታ ያበረከተችው ምዕራብ ጀርመን ነበረች። ዛሬ እዚያ ተቀምጦ ወደ ላይ ከሚያንጋጥጠው ሰው ስንቱ ይህን ያውቃል? (ዓመታቱ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስፖንሰርነት በበጎ አድራጎት ካባ ስለሚመጣ እንደ ዕቃ ተገላብጦ አይታይም። ዕቃ ግን ነው፤ ዋጋ፣ ዕድሜ፣ ጥገናና የሚበላሽበት ምክንያት አለው። ሙዚየሞች ባማረ ወረቀት አትመው የሚያቀርቡት ፓኬጅ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አራት ነገር ይገኛል፦ የአዳራሽ ስያሜ፣ የአንድ ማሳያ ወጪ፣ የፕላኔታሪየም ትርዒት፣ እና ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት የሚዞር ፕሮግራም። እዚህ የምንመዝነው ሚሊዮን ለሌለው፣ ነገር ግን ጥቂት ሺህ ወይም ጥቂት አሥር ሺህ ዶላር ለቁም ነገር ማዋል ለሚፈልግ ነው፤ ለዲሲና ለቨርጂኒያ ሬስቶራንትና ትራንስፖርት ድርጅት፣ ለማኅበር፣ አዲስ አበባ ላለ ባንክም ቢሆን።

ከውድ እንጀምር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ከማሽንም በላይ ይውላል። የባንክ ሰው የነበረው ቻርልስ ሄይደን ለኒው ዮርኩ ፕላኔታሪየም መሣሪያ 150,000 ዶላር ሰጠ፤ በ1935 በስሙ ተከፈተ። ያ ሕንፃ በ1997 ፈረሰ። በ2000 በቦታው የተተካው የመስታወት ሳጥን 20 ሚሊዮን ዶላር የሰጠውን የሮዝ ቤተሰብ ስም ያዘ፤ በውስጡ ያለው 429 መቀመጫ ያለው ቴአትር ግን ዛሬም ሄይደን ነው። ፒትስበርግም እንዲሁ። በ1939 የቡል ፋውንዴሽን ያሠራው ፕላኔታሪየም ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛወረ፤ የጥንቱ የዛይስ ማሽን ራሱ ታይቶ የሚታለፍ የሙዚየም ዕቃ ሆነ፤ በ2024 የሙዚየሙ ስም በ65 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ወደ ካሚን ሳይንስ ሴንተር ተለወጠ፤ በውስጡ ቡል የሚለው ስም ግን አለ።

እንዲህ ሲታይ ስያሜ አትራፊ ይመስላል። አንዱን ነገር ግን እንይ፦ ስሙ ሲቆይ ማሽኑን በየጊዜው የሚቀይረው ሌላ ሰው ነው። ለዚህ ነው ሙዚየሞች ዛሬ «ለዘላለም» የሚለውን ቃል የሚፈሩት። ከሳይንስ ውጪ ያለ ምሳሌ ብንጠቅስ፣ የኒው ዮርኩ ሊንከን ሴንተር የኮንሰርት አዳራሹን እንደገና ለመሰየም ሲፈልግ ለፊሸር ቤተሰብ 15 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነው ስሙን ያስለቀቀው፤ ቤተሰቡ በ1973 የሰጠው 10.5 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ ለአዳራሽ ስያሜ ድርድር ከተቀመጣችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ለስንት ዓመት?» የሚለውን ነው። 10 ዓመት፣ ከዚያም የመጀመሪያ የማደስ መብት ለናንተ ቢሆን ተገቢ ነው። አነስተኛ ገንዘብ ላለው ግን ይህ ፓኬጅ አይሆንም፤ ከ5 2 እንሰጠዋለን። ለትልልቆቹ ደግሞ የእኛ ምክር አያስፈልጋቸውም፤ ጄፍ ቤዞስ በ2021 ለዚሁ ለአየርና ጠፈር ሙዚየም 200 ሚሊዮን ሲሰጥ ጠበቃ አላጣም።

ሁለተኛው ማሳያ ነው፤ ልጆች የሚነኩት፣ የሚያዞሩት፣ የሚገፉት። ብዙ ስፖንሰር የሚወደው ይህን ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አርማው ከጎኑ ይለጠፋል። ዓመት ሳይሞላው ደግሞ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ከአርማው ጋር ጎን ለጎን ይለጠፋል። ገንዘብ ከፍሎ ከዚህ የባሰ ማስታወቂያ መግዛት አይቻልም።

ለምን እንደሚበላሽ ቀረብ ብለን እንይ። በእጅ ተዙሮ አምፖል የሚያበራ የዳይናሞ ማሳያ እንውሰድ። ዳይናሞው አይበላሽም። የሚበላሸው እጀታው ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ብሎን ነው። ሠሪው ልጅ በሚያዞረው ልክ አስቦ ሠራው፤ ሁለት ጎረምሶች ተወራርደው ሲያዞሩት፣ ወይም አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሲታገል፣ ብሎኑ ይላላል፤ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፤ ከዚያ እጀታው ባዶውን ይሽከረከራል። ቀጥሎ ኩሽኔታው፦ የምግብ ፍርፋሪና አቧራ ይገባበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ከመሠራቱ በፊት መታሰብ አለበት። ሲበዛበት የሚንሸራተት ክላች ይግባለት፣ ኩሽኔታው የታሸገ ይሁን፣ ጥገናው ከፊት ሳይሆን ከኋላ በር በ10 ደቂቃ የሚሠራ ይሁን፣ መለዋወጫው ከየትም ሱቅ የሚገኝ ይሁን። ውጭ አገር ታዝዞ ስድስት ሳምንት የሚጠበቅ ልዩ ቁልፍ ያለው ማሳያ፣ ስድስት ሳምንት የሞተ ማሳያ ነው።

ንክኪ ስክሪን ያለበትንማ ባትጀምሩት ይሻላል። ሲመረቅ ያምራል፤ በአምስተኛው ዓመት ግን በልጁ ኪስ ያለው ስልክ ይበልጠዋል፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ድርጅትም ስልክ አያነሣም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ የዊንዶውስ ገጽ ላይ ቆሞ የሚቀረው ማሳያ በየሙዚየሙ አለ። ከእንጨት፣ ከብረት፣ ከማግኔትና ከውሃ የተሠራው በተሻለ ያረጃል። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ኤክስፕሎራቶሪየም፣ የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር በ1969 የመሠረተው፣ ወርክሾፑን ለጎብኚ ዓይን ክፍት ያደረገና የማሳያዎቹን አሠራር ሌላው እንዲሠራበት አትሞ ያካፈለ ሙዚየም ነው። አዲስ ነገር እንፈልስፍ ከሚል አማካሪ ይልቅ በብዙ ልጆች እጅ የተፈተነ ንድፍ የሚያቀርብ ሙዚየም ይሻላችኋል። አዲስ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በካርቶንና በኮምፔንሳቶ ተሠርቶ ከ20 እስከ 30 ልጅ ይሞክረው፤ ከብረቱ በፊት።

የገንዘቡ አከፋፈል እንዲህ ቢሆን እንመክራለን፦ ግማሹ ሥራው ሲጀመር፣ 30 በመቶው ማሳያው ሲተከል፣ የቀረው 20 በመቶ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ማሳያው ክፍት በነበረባቸው ቀናት ቢያንስ 90 በመቶውን መሥራቱ ሲረጋገጥ። ከዚያ በላይ የግንባታውን ዋጋ 10 በመቶ ያህል በየዓመቱ ለጥገና መድቡ፤ ለአምስት ዓመት። ሙዚየሙ «ጥገናውን ለኛ ተዉት» ካለ ስንት ቴክኒሻን እንዳለው ጠይቁ። ጥገና የተበጀተለት ማሳያ ከ5 3.5፣ ያልተበጀተለት 1።

አሁን ወደ ጉልላቱ። ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ነው።

ፕላኔታሪየም ሲባል ሁለት የተለያየ ማሽን ሊሆን ይችላል። አንደኛው ከመሐል የሚቆመው የከዋክብት ኳስ ነው፤ በጥቃቅን ቀዳዳ ብርሃን እያሳለፈ ከዋክብትን ይዘራል። ዛይስ ይህን ለሙኒኩ የጀርመን ሙዚየም ሠርቶ በ1923 አሳየ፤ ጥቁሩን እንደ ጥቁር፣ ኮከቡን እንደ መርፌ ጫፍ በማሳየት እስከ ዛሬ የሚወዳደረው የለም። ሁለተኛው ዲጂታል ነው፤ በጉልላቱ ዙሪያ የተቀመጡ ፕሮጀክተሮች ሥዕሉን ተካፍለው ያሳያሉ። ኳሱ ሰማይን ብቻ ያሳያል፤ ዲጂታሉ ወደ ሳተርን ቀለበት ያስገባችኋል። ዛሬ ስፖንሰር የሚጠየቀው በአብዛኛው ለሁለተኛው ነው።

የዲጂታል ትርዒት ፊልም ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ቁጥሩ ይናገር። ለጉልላት የሚዘጋጅ አንድ ምስል ክብ ሆኖ 4096 በ4096 ነጥብ ነው፤ ከተራ ኤችዲ ምስል ስምንት እጥፍ ያህል። ለ25 ደቂቃ ትርዒት፣ በሰከንድ 30 ምስል፣ 45,000 እንዲህ ያለ ምስል ያስፈልጋል። በሰከንድ 60 ከሆነ 90,000፣ 8ኬ የሚባለው፣ በየጎኑ እጥፍ ነጥብ ያለው፣ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ምስል አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ አነስተኛ ስፖንሰር ይህን ከባዶ ላሠራ ቢል ገንዘቡ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም። «የራሳችሁን ፊልም እናሠራላችሁ» የሚለው ፓኬጅ ከ5 2 የሚያገኘው ለዚህ ነው፤ በተለይ በአገር ልጅ ስም ማራኪ ሆኖ ሲቀርብ።

ደግሞም አያስፈልግም። የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ የጉልላት ፊልሞችንና ክሊፖችን በነጻ እንዲወርዱ በድረ ገጹ ያቀርባል፤ ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ መጠቀምም መተርጎምም ትችላላችሁ። ጋርሺንግ፣ ሙኒክ አጠገብ፣ ያለው የራሱ ፕላኔታሪየም ሕንፃም በ2018 የተከፈተው በአንድ የጀርመን ፋውንዴሽን ስጦታ ነው፤ ስፖንሰር ሕንፃ ሰጥቶ ይዘቱን ለባለሙያ የተወበት መልካም ምሳሌ። ሶፍትዌርም እንዲሁ፦ የከዋክብትን ሰማይ በኮምፒውተር የሚያሳየው ስቴላሪየም ነጻ ነው፤ የኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ከናሳ በተገኘ ድጋፍ፣ የሠራው ኦፕንስፔስም ነጻ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይግባ? ሁለት ቦታ አለ፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ሁለቱም በፓኬጅ ወረቀቱ ላይ አይገኙም።

አንደኛው የአማርኛ ትረካ ነው። አያቶችን ይዞ ወደ ፕላኔታሪየም የሄደ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ሰማዩ ለሁሉም እኩል ነው፣ ቋንቋው ግን ግማሹን ቤተሰብ ያስተኛል። የ25 ደቂቃ ትርዒት ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ 2,000 ቃል አካባቢ ነው፤ ተርጓሚ፣ የሳይንስ አራሚ፣ ጥሩ አንባቢና ግማሽ ቀን ስቱዲዮ ከተገኘ ይሠራል። የሚበላሽበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ምስሉና ቃሉ በሰከንድ የተጋጠሙ ናቸው፤ አማርኛ ደግሞ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ የሚያመጣ ቋንቋ ነው። «ከምድር 4.2 የብርሃን ዓመት ርቃ የምትገኘው፣ ለፀሐያችን የቅርብ ጎረቤት የሆነችው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ናት» ብሎ የተረጎመ ሰው ሰዋስው አላጠፋም፤ ስሟ ሲጠራ ግን ኮከቧ ከጉልላቱ ላይ አልፋለች። መጻፍ ያለበት «ፕሮክሲማ ሴንታውሪ! የፀሐያችን የቅርብ ጎረቤት። 4.2 የብርሃን ዓመት ትርቀናለች» ተብሎ ነው። ስሙ ይቅደም፣ ዝርዝሩ ይከተል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይጠር።

ከቀረጻ በፊት የቃላት ዝርዝር ይጽደቅ። ሕዋ ወይስ ጠፈር? አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው። ፍኖተ ሐሊብ ይባል፤ ጋላክሲ ግን ጋላክሲ ተብሎ ቢተው ይሻላል። ማርስ በሴት ይጠራ ወይስ በወንድ ካልተወሰነ ተራኪው በሦስተኛው ደቂቃ «ናት» ብሎ በስምንተኛው «ነው» ይላል፤ ልጆች ይስቃሉ። ቬነስ ስትመጣ «የአጥቢያ ኮከብ» የሚለውን ቃል አብሮ ማስገባት አይረሳ፤ አያት ከመቀመጫቸው ቀና የሚሉት ያኔ ነው። የግርጌ ጽሑፍ ደግሞ አታስቡት፦ ጉልላት ላይ ግርጌ የለም፤ ጽሑፉ ይጎብጣል፣ ግማሹ ተመልካች ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚቀመጠው። ርእስ የግድ ከሆነ እንደ ፊደል ሳይሆን እንደ ምስል ይሰጥ፤ የግዕዝ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር በአዳራሹ ሁሉ ፊት ባዶ አራት ማዕዘን ይደረድራል።

አንዳንድ ሙዚየም ትርጉሙን በጆሮ ማዳመጫ ማቅረብ ይወዳል። ጥሩ ነው፤ ግን ባትሪ ያልቃል፣ ማዳመጫ ይጠፋል፣ ማጽጃና የሚያከፋፍል ሰው ያስፈልጋል። በትንሽ በጀት የሚሻለው በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ሳምንት ቅዳሜ፣ አንድ ሙሉ ትርዒት በዋናው ድምፅ ማጉያ በአማርኛ ማስያዝ ነው። ለዚህ ከ5 4። አንድ የሚቀነሰው ትርዒቱ ከተቀየረ ትረካውም አብሮ ስለሚጣል ነው፤ ስለዚህ ከመተርጎማችሁ በፊት ትርዒቱ ለስንት ዓመት ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ያለ ፊልም የሚቀርበው የቀጥታ ትርዒት ነው። ማሽኑ አለ፣ ሰማዩ በኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ የሚጎድለው አቅራቢና ሰዓት ነው። ኦፕሬተሩ ቦታውን 9 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.7 ዲግሪ ምሥራቅ አድርጎ ሲያስገባ ጉልላቱ የአዲስ አበባ ሰማይ ይሆናል። በዋሽንግተን ሰማይ 39 ዲግሪ ላይ፣ ክንድ ተዘርግቶ አራት ጭብጥ ያህል ከፍታ ላይ ያለው የሰሜን ኮከብ ወርዶ ከአድማሱ አንድ ጭብጥ ብቻ ይቀረዋል። ከዋሽንግተን ፈጽሞ የማይታየው የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ በግንቦት ምሽት በደቡብ በኩል ቆሞ ይታያል። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትውላለች። ይህን 40 ደቂቃ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው አበልና የአዳራሹ የሰዓት ኪራይ ብቻ ነው ወጪው። ያረጀ ፊልም የለ፣ ፈቃድ የለ። ሙሉ 5 ያገኘው ይህ ብቻ ነው።

ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ነገር ሊያተርፍ እንደሚችል አርሊንግተን ቨርጂኒያ ምስክር ናት። የትምህርት ቤቶቹ ፕላኔታሪየም፣ በ2003 በኮሎምቢያ መንኮራኩር አደጋ በሞተው የአርሊንግተን ልጅ በጠፈርተኛው ዴቪድ ብራውን ስም የሚጠራው፣ በ2010 በበጀት ምክንያት ሊዘጋ ነበር። የአካባቢው ሰው ማኅበር አቋቁሞ ከ400,000 ዶላር በላይ አሰባስቦ አሳደሰው። እንዲህ ባለ ትንሽ ጉልላት የናንተ 2,000 ዶላር ሰዓትና ወንበር ይሆናል፤ በትልቁ ሙዚየም ግን በዓመታዊ ሪፖርቱ የመጨረሻ ገጽ በደቃቅ ፊደል ስማችሁን ያሰፍራል።

አርማችሁ በጉልላቱ ላይ እንዲታይ ከተስማማችሁ አንድ ነገር ስሙን። የባንክ አርማ በነጭ መደብ ላይ እንደተሠራ ተልኮ እንዳለ ሲለቀቅ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ቀን ይሆናል። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አርማችሁ ያንን ሁሉ በአምስት ሰከንድ ያጠፋዋል፤ ቀጥሎ የሚመጡት ከዋክብት ደብዛዛ ይሆናሉ፤ ሕዝቡም ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚያሳብብ ግልጽ ነው። አርማው በጥቁር መደብ ላይ በደብዛዛ ነጭ መስመር ይሠራ፤ ከፊት ለፊት፣ ከጉልላቱ ጠርዝ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አናት ላይ ከሆነ አንገት ይሰብራል፣ ጠርዝ ላይ ከሆነ ይለጠጣል። ቀስ ብሎ በርቶ፣ ከአምስት ስድስት ሰከንድ በኋላ ቀስ ብሎ ይጥፋ፤ ትርዒቱ ሲጀመር ብቻ። ስልክ አስወጥቶ ስካን የሚያስደርግ ኪውአር ኮድ ቦታው መውጫው በር ነው።

አዲስ አበባ ላለ ስፖንሰር ነገሩ ትንሽ ይለያል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ጉልላት ያለው ቴአትር አለው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ከከተማው ውጪ ላለ ተማሪ ግን የሚያዋጣው በአየር የሚነፋ ተጓዥ ጉልላት ነው፦ 5 ሜትር ስፋት፣ በአንድ ዙር 25 ልጅ አካባቢ፣ አንድ ማራገቢያ፣ አንድ ላፕቶፕ ከስቴላሪየም ጋር፣ አንድ ፕሮጀክተር ከክብ መስታወት ወይም ከዓሣ ዓይን ሌንስ ጋር። ስጦታው ሲታሰብ የሚረሱት ነገሮች ግን ብዙ ናቸው። ፕሮጀክተር ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ሲሠራ አየሩ ስለሚሳሳ በቂ አይቀዘቅዝም፤ በሜኑው ውስጥ «ከፍተኛ ቦታ» የሚለው ካልተከፈተ እየሞቀ ራሱን ያጠፋል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆምና ጉልላቱ በልጆቹ ላይ ቀስ ብሎ ይተኛል፤ አደጋ የለውም፣ ድንጋጤው ግን አለ፤ ስለዚህ ዩፒኤሱ ለፕሮጀክተሩ ብቻ ሳይሆን ለማራገቢያውም ይሁን፣ የእጅ ባትሪም ከአስተማሪው አይለይ። ጣሪያው 4 ሜትር ያህል ካልሆነ አይቆምም፤ ተራ መማሪያ ክፍል አይበቃም፣ ሁለገብ አዳራሽ ይፈለግ፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። ጫማ በር ላይ ይወልቅ። የቀረጥ ነጻ ወረቀቱ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በተቀባዩ ስም ይለቅ፤ ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ጉዳይ ከዕቃው ዋጋ በላይ የመጋዘን ኪራይ ሊያስከፍል ይችላል። ለዚህ ከ5 4፤ የሠለጠኑ ሁለት አስተማሪዎች ከሌሉበት 1።

ይዘት ላይ እጅ ማስገባት አለ ደግሞ። የለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም በ2021 በሼል ስፖንሰርነት ያቀረበው ትርዒት ውል ሙዚየሙ የኩባንያውን ስም የሚያጎድፍ ነገር እንዳይናገር የሚያስገድድ አንቀጽ እንደነበረው ሲወጣ ጩኸቱ ትርዒቱን ዋጠው። በዚያው ዓመት በድንጋይ ከሰልም ከሚነግደው የሕንዱ አዳኒ ቡድን ኩባንያ፣ ከአዳኒ ግሪን ኢነርጂ ጋር በተደረገው ስምምነት ምክንያት ሁለት የቦርድ አባላት ለቀቁ። በዋሽንግተኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም የድንቅነሽ ዝርያ ፊት በሐውልት የሚታይበት የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሽ በ2010 ሲከፈት 15 ሚሊዮን የሰጠውን የነዳጅ ባለሀብት የዴቪድ ኮክን ስም ይዞ ነበር፤ የአየር ንብረት ለውጥን ያቀረበበት መንገድ እስከ ዛሬ ያስወቅሰዋል። ውላችሁ ውስጥ «ስፖንሰሩ በይዘት ላይ የመወሰን ሥልጣን የለውም» የሚል መስመር ይግባ። ይህ ለሙዚየሙ ብቻ አይደለም፤ እናንተንም ይጠብቃችኋል። ከአዘጋጆቹ አንዱ የተሳሳተ ነገር ቢጽፍ ተጠያቂው እናንተ አትሆኑም።

አሜሪካ ላላችሁ ስለ ታክስ ጥቂት። ስማችሁ፣ አርማችሁ፣ አድራሻችሁ፣ ስልክና ድረ ገጻችሁ ቢለጠፍ ሕጉ ስፖንሰርነት ይለዋል፤ ዋጋ ከተጻፈ፣ «ከሁሉ የሚጣፍጥ ክትፎ» ወይም «ዛሬውኑ ይምጡ» ከተባለ ግን ማስታወቂያ ሆኖ ሙዚየሙን ታክስ ሊያስከፍለው ይችላል። ሌላ የምታገኙት ጥቅም፣ ቲኬትም እራትም፣ ግምቱ ከከፈላችሁት 2 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ «ሃያ ቲኬት ጨምሩልን» ስትሏቸው ፊታቸው የሚጠቁረው ለዚህ ነው። በስጦታ መልክ ከሰጣችሁ ለ250 ዶላርና ከዚያ በላይ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ከ75 ዶላር በላይ ከፍላችሁ በምላሹ አንድ ነገር ከተቀበላችሁ የዚያን ግምት ሙዚየሙ ሊነግራችሁ ይገባል። የድርጅት ወጪ ይሁን ወይስ ስጦታ የሚለውን ከሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ቼኩ ከመጻፉ በፊት ጨርሱ።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ሙዚየሙን ሳትቀጠሩ ሂዱበት፤ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት አካባቢ፣ ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱበት ከዋሉ በኋላ። «አይሠራም» የሚሉትን ወረቀቶች ቁጠሩ፤ ወረቀቱ በታይፕ የተጻፈና በፕላስቲክ የታሸገ ከሆነ ለረጅም ጊዜ እንደታሰበበት እወቁት። ከዚያ ፕላኔታሪየም ግቡና ከኋላ ረድፍ ተቀመጡ። ሰማዩ ጥቁር ነው ወይስ አመድማ? ጉልላቱ በጣም ነጭ ከተቀባ የአንዱ ጎን ብርሃን በሌላው ላይ ይረጭና ጥቁሩን ያጥበዋል፤ ደህናው ጉልላት ግራጫ ነው፣ ድምፅና አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው አሉሚኒየም። በሰማዩ ላይ ከቀረው ቀላ ያለ ወይም ደብዘዝ ያለ ቁራጭ ካያችሁ የአንዱ ፕሮጀክተር አምፖል አርጅቷል ማለት ነው። ሁለት ፕሮጀክተሮች በሚገናኙበት መስመር ላይ አንዲት ኮከብ ሁለት ሆና ከታየች ደግሞ ማስተካከያው ከተሠራ ቆይቷል። ስትወጡ ኦፕሬተሩን አምፖሉ መቼ እንደተቀየረና ቀጣዩን ማን እንደሚከፍል ጠይቁት፤ «ስፖንሰር እየፈለግን ነው» ካላችሁ፣ የምትከፍሉለትን ነገር አገኛችሁ።